ለአሸናፊ ሦስት ነጥብ

እሑድ፣ ማርች 4፣ 1984

የሊጉ ቃለ ጉባኤ ሌላ ደብተር አለው፤ ይኼ የራሴ ነው። እዚያኛው ላይ «ጸሐፊው አቶ ይገዙ እንዳስረዱት» እያልኩ ስለ ራሴ እንደ ሌላ ሰው ስጽፍ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አቶ ይገዙ በቃለ ጉባኤ ላይ በጣም ጨዋ ሰው ነው።

ዛሬ አትላንታ ዳውንታውን ጭር ብሏል፤ የምሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ ከዐሥር መኪና በላይ የለም። ሒሳብ መቀበያዋ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያለፈውን ዓመት የደረጃ ሰንጠረዥ እንደገና ሠራሁት። የሐበሻ እግር ኳስ ሊጋችን አራት ቡድን አለው፦ ስቶን ማውንቴን፣ ዲኬተር፣ ክላርክስተን፣ እና ታክሲ ነጂውና ፓርኪንግ ሠራተኛው የተሰበሰበበት የኛ ዳውንታውን። ሁሉም እርስ በርሱ ሦስት ሦስት ጊዜ ይገጥማል። ዓምና ስቶን ማውንቴን ሦስት አሸንፎ ስድስት እኩል ወጣ፤ ዐሥራ ሁለት ነጥብ። እኛ አምስት አሸንፈን አንድ እኩል ወጣን፤ ዐሥራ አንድ። ዋንጫውን እነሱ ሳሙት። ለአሸናፊ ሁለት መስጠቱ ቀርቶ ሦስት ቢሰጥ ኖሮ ግን እነሱ ዐሥራ አምስት፣ እኛ ዐሥራ ስድስት! ሁለት ጊዜ ደምሬ አረጋገጥኩ።

ዘዴውን ያስተማረኝ ክሊፍ ነው። ክሊፍ አብሮኝ የሚሠራ ስድሳ ያለፈው የዚሁ አገር ሰው ነው፤ በበረዶ ሆኪ ያበደ። የአትላንታው ሆኪ ቡድን ካናዳ ከሄደ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሱ ግን አሁንም ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የሆኪ ደረጃ በየሳምንቱ ቆርጦ በራሱ ሕግ በእርሳስ እንደገና ያሰላዋል። እነሱም እንደኛ ላሸነፈ ሁለት፣ እኩል ለወጣ አንድ ነው የሚሰጡት። ዘንድሮ እኩል ሲወጡ አምስት ደቂቃ ኦቨርታይም ጨመሩበት። «አምስት ደቂቃ ምን ትሠራለች?» ይላል ክሊፍ። «መቀየር ያለበት ነጥቡ ነው። ለማሸነፍ የሚሮጥ ሰው ሦስት ይገባዋል።» ሦስት መስጠቱን ለኛም ያመጣሁት ከዚያ ነው።

ይህን የማነሣው ለቡድኔ ብዬ አይደለም። ለጨዋታው ነው። እኩል ለእኩል በዛ፤ ተመልካቹን አሰልችቶታል። በተለይ ስቶን ማውንቴንና ዲኬተር ሁለት ዓመት ሙሉ ስድስት ጊዜ ተገናኝተው ስድስቱንም እኩል ወጥተዋል። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። የእኔ ሥራ መመዝገብ ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 7

ሆቴሎቹ ሞልተዋል፣ መኪናው አያስቀምጥም። ለኮሚቴው የማቀርበውን ሐሳብ በሦስት ቅጂ ጻፍኩ። «የውድድሩን መንፈስ ለማነቃቃት» የሚለውን አራት ቦታ አግብቼው ነበር። ሁለቱን ሰረዝኩ።

እሑድ፣ ማርች 11

አለፈ! ሁለት ለአንድ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ።

ስብሰባው እንደ ወትሮው ዲኬተር፣ የሰብሳቢያችን የአቶ ገብረሕይወት ግሮሰሪ ኋላ ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ሁላችንም የሩዝ ጆንያ ላይ። የስቶን ማውንቴኑ አምበል ተገኝ በሩ ጋ፣ የዲኬተሩ አምበልና በረኛ ዘገዬ ደግሞ ሌላኛው ጥግ፣ ፍሪጁ አጠገብ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም።

ቁጥሩን አነበብኩላቸው። ተገኝ ከት ብሎ ሳቀ። «ሦስት ጊዜ ገጥማችሁን አንድም ቀን አላሸነፋችሁንም። አሁን በካልኩሌተር ልትገጥሙን ነው?» ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ።

የክላርክስተኑ ወንዳፍራሽ «ፌር ይሁን ነው የምንለው፣ ዛትስ ኦል» ብሎ ደገፈኝ። «ሰው ቅዳሜ ማታ ሠርቶ እሑድ የሚመጣው እኩል ለእኩል ሊያይ ነው እንዴ?»

ከዚያ አቶ ገብረሕይወት መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጆቼ፣ እኩል መውጣት ምን ነውር አለው? ሁለቱም ቀና ብሎ ቤቱ ይገባል። ይቺን ነገር አንድ ሳምንት እናሳድራት።»

«እርስዎ እኮ ሁሉንም ነገር ያሳድራሉ» አልኳቸው። እንደገና ተሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

ሰብሳቢው ድምፅ የላቸውም፤ ተገኝ ተቃወመ፣ እኔና ወንዳፍራሽ ደገፍን። ዘገዬ መሬት መሬት እያየ «እኔ ድምፅ አልሰጥም» አለ። ስንወጣ አቶ ገብረሕይወት ክንዴን ያዝ አድርገው «ይገዙ፣ አንዳንዱ አደራ አይነገርም እንጂ ብነግርህ ደስ ባለኝ» አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ማርች 14

የሺእመቤት ከሆስፒታል ሺፍቷ ስትመለስ የነጥቡን ነገር ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ነበር፤ አንዱን እንደያዘች ቀረች።

«ምን አደረግክ?» አለችኝ።

ከዚያ ነገሩን ነገረችኝ። ዛሬ ነው የሰማሁት።

ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዘገዬ መኪና እየነዳ፣ የተገኝ ታናሽ ወንድም ብርሃኑ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከኳስ ሲመለሱ በዝናብ ሃይዌይ ላይ ተገለበጡ። ብርሃኑ እዚያው ሞተ። አደጋውንማ ማን ያላወቀ አለ፤ ዋንጫው ራሱ «የብርሃኑ መታሰቢያ» ነው የሚባለው። ፍርድ ቤቱ ዘገዬ ጥፋት የለበትም አለ፤ ተገኝ ግን «ፍርድ ቤቱ ይማረው፣ እኔ አልማርኩትም» አለ። ያላወቅሁት ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። አቶ ገብረሕይወት ሽማግሌ ይዘው ዓመት ሙሉ ደጅ ጠኑት። ካሳ አልቀበልም አለ። እጁንም አልጨብጥም አለ። በመጨረሻ «ታዲያ አንድ ሜዳ ላይ እንዴት ልትጫወቱ ነው?» ሲሉት፣ «እኔና እሱ ከእንግዲህ አንሸናነፍም። እሱ እኔን አያሸንፍም፣ እኔም እሱን አላሸንፍም። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ» አለ። እርቁ ይኸው ነው። ሌላ እርቅ የላቸውም።

«የሺ፣ ታዲያ ይህን ማን ያውቃል?» አልኳት።

«ማወቅ ያለበት ያውቃል» ብላ ሁለተኛ ጫማዋን አወለቀች።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጻፍ፦ ሕጉ እኩል መውጣትን አልከለከለም። አሁንም እኩል የወጣ አንዷን ነጥብ ያገኛል። ማንም ማንንም አሸንፍ አላለም።

እሑድ፣ ማርች 18

ውድድሩ ተጀመረ። አሸነፍን። ሦስት ነጥብ። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሲያምር!

እሑድ፣ ኤፕሪል 1

ስቶን ማውንቴን ሁለት፣ ዲኬተር ሁለት።

ዛሬ ሳልወድ በደንብ አየኋቸው። ተገኝ የሊጉ አንደኛ አጥቂ ነው፤ ከዲኬተር ጋር ሲሆን ግን ኋላ ወርዶ ይከላከላል። ዲኬተር ሲያገባ ወደፊት ወጥቶ ይመልሳል፤ ስቶን ማውንቴን ሲቀድም ደግሞ የዲኬተር አጥቂ ድንገት ባዶ መንገድ ያገኛል። ጎሉ ውስጥ ዘገዬ ቆሟል። ዘጠና ደቂቃ ሁለቱ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ አይቼ እንዴት አላስተዋልኩትም?

ሲያልቅ አንድ የስቶን ማውንቴን ልጅ ማልያውን መሬት ላይ ወርውሮ፣ ተገኝ እየሰማ፣ «ኧረ ሁለት ነጥብ ጣልን እኮ! ካፕቴናችን ጎል ይፈራል» አለ። ዓምና ቢሆን ማንም እንዲህ አይልም ነበር፤ ዓምና እኩል ሲወጡ የሚጥሉት አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። ተገኝ ጎንበስ አለ። የጫማውን ክር ፈታ፣ መልሶ አሰረው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 20፣ ስቅለት

ስግደት ላይ ዘገዬ ከፊት ነበር፣ ተገኝ ከኋላ። እኔ መሐል። ከሁለቱም ጋር እንዳልተያይ ብዬ ስሰግድ ዋልኩ፤ ሰው ጽድቅ የያዝኩ ሳይመስለው አልቀረም።

የሺእመቤት መኪና ውስጥ፦ «ስብሰባ ጥራና መልሰው።»

«በውድድር መሐል ሕግ አይቀየርም፣ የሺ።»

«ከመጀመሩ በፊትማ አንድ ሳምንት ነበረህ።»

ሁዳዴን ሙሉ ሥጋ አልቀመስኩም። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 29

ስቶን ማውንቴን አንድ፣ ዲኬተር አንድ።

የስቶን ማውንቴን ልጆች አሁን ከተገኝ ጋር ተቀምጠው ውሃ እንኳ አይጠጡም። ከመካከላቸው አንዱ ለጓደኛው ሲል የሰማሁት፦ «በወንድሙ ስም ያለ ዋንጫ ለዳውንታውን እየሰጠ ነው። ወንድሙን የሚወድ ሰው እንዲህ ያደርጋል?» ልጁ አዲስ መጥ ነው፤ ምንም አያውቅም። ልነግረው ጠጋ ብዬ ተመለስኩ። ምን ብዬ ነው የምነግረው? ታውቅ ነበር ወይ ቢለኝስ?

ማክሰኞ፣ ሜይ 8

ክሊፍ የሆኪውን ደረጃ ጨርሷል። ዓመት ሙሉ የሠራውን፣ በእርሳስ፣ በንጹሕ ወረቀት። በእሱ ሕግ ቢሆን ማን ማንን ይቀድም እንደነበር በጣቱ እየነካ አሳየኝ። «ለሊጉ ላክላቸዋ» አልኩት።

«ለምን እልካለሁ?» አለኝ። «ወረቀቴ ላይ ማንም ሥራውን አያጣም፣ ማንም አያለቅስም። እውነተኛው ላይ ግን ከጀርባው ሰው አለ።»

መኪና መጣ፣ ተነሣሁ። የሰውየውን መልስ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሰጠሁት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 19

ወንዳፍራሽ ነገ ሥራ ስላለበት የኛና የክላርክስተን የመጨረሻ ጨዋታ ለዛሬ ተደርጎ ነበር። አሸነፍን። ስድስት ድል፣ ሦስት ሽንፈት፣ ዐሥራ ስምንት ነጥብ። ስቶን ማውንቴን ዐሥራ ስድስት ላይ ነው፤ ነገ ከዲኬተር ጋር ይጨርሳል። ካሸነፉ ዐሥራ ዘጠኝ ይሆኑና ዋንጫው የነሱ ነው። እኩል ከወጡ ዐሥራ ሰባት፤ ዋንጫው የኛ። በድሮው ሕግ ቢሆን እኩል ወጥተውም ይበሉን ነበር፤ ዐሥራ ሦስት ለዐሥራ ሁለት።

ልጆቹ ትከሻቸው ላይ ተሸክመውኝ ሜዳውን ዞሩ። «ጸሐፊያችን! ሦስት ነጥብ!» እያሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም፤ እንደዚያም አፍሬ አላውቅም። አውርዱኝ ስል ትሕትና መሰላቸው።

እንግዲህ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ከዋሸሁ የት ልናገር ነው። ማርች 14 ላይ «ዛሬ ነው የሰማሁት» ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። የሺእመቤት የነገረችኝ በጥምቀት ሰሞን ነው። ስለ ሕጉ ምንም ሳላስብ፣ ከጥምቀት ስንመለስ፣ የቤታችን በር ላይ መኪናዋን ፓርክ አድርጌ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ መጨረሻ ድረስ ሰምቻታለሁ። አልቅሳለች እንኳ። እኔም «ምስኪን» ብያለሁ። ከዚያ ማርች 4 ቀን ቁጭ ብዬ ሰንጠረዡን ስሠራ፣ ስቶን ማውንቴን ከዲኬተር ጋር ሦስቴ እኩል እንደሚወጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ዘንድሮም፣ ከርሞም። በሦስት ነጥብ ሕግ በየዓመቱ ከየትኛውም ቡድን ይበልጥ የሚከስሩት እነሱ መሆናቸውን አውቄ ነው ያሰላሁት። የሰው እርቅ ላይ ተፈናጥጬ ነው ዋንጫ ልወስድ የሄድኩት። ክፉ ሰው ነኝ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ከሰዓት አቶ ገብረሕይወት ግሮሰሪ ሄድኩ። ገበያተኛ እስኪወጣ ጠብቄ፣ «ዳውንታውን ከዋንጫው ራሱን ያወጣል። እነ ተገኝ እኩል ይውጡና ዋንጫውን ይውሰዱ» አልኳቸው።

«ቡድንህ ይስማማል?»

«አሳምናቸዋለሁ።»

ጣሳ እየደረደሩ ነበር፤ አላቆሙም። «ይገዙ፣ ተገኝን አታውቀውም። ሰው የሰጠውን ዋንጫ በእግሩ ነው የሚመታው። ይሁን፣ ያበላሸኸውን ነገ እግዜር ያቃናው።» ያበላሸኸው አሉኝ። ማወቄን ያውቃሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ መጠየቅ ፈርቼ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ገዝቼ ወጣሁ።

እሑድ፣ ሜይ 20

እንዳየሁት እጽፈዋለሁ።

ሰው ሞልቶ ነበር። እረፍት ላይ ባዶ ለባዶ። በስድሳኛው ደቂቃ ዲኬተር አገባ፣ በሰባኛው ተገኝ በጭንቅላት መለሰ። አንድ ለአንድ። የኛ ልጆች መስመሩ ዳር እየጨፈሩ። በሰማንያ አራተኛው ደቂቃ የዲኬተር ተከላካይ ኳስ በእጁ ነካ፤ ዳኛው ሪጎሬ ሰጠ።

የስቶን ማውንቴን ልጆች ኳሷን ለሌላ ሰው ሊሰጡ ተራኮቱ። ተገኝ መጥቶ ከእጃቸው ወሰዳት። አስቀመጣት። ያን ጊዜ ዘገዬን አየሁት፤ መስመሩ ላይ ቆሞ፣ ከዚያ ቀን በፊት ሲያደርገው አይቼ የማላውቀውን፣ ተገኝን ቀጥ ብሎ ያየዋል።

ተገኝ መታት። ለልጅ እንደሚያቀብል ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ቀጥታ ወደ በረኛው እግር። ቃሉን ጠበቀ። በቡድኑ ፊት፣ በሚሰድቡት ልጆች ፊት፣ የወንድሙን ዋንጫ ትቶ ቃሉን ጠበቀ።

ዘገዬ ግን ወደ ጎን ተራመደ። አንድ እርምጃ። ኳሷ እየተንከባለለች አጠገቡ አልፋ መረቡ ሥር ቆመች።

ከዚያ ልጆቹ እየጮኹ ተገኝ ላይ ተከመሩ፤ ገፍቷቸው ወጣ፣ ጎሉ ጋ ሄደ። በሦስት ዓመት የመጀመሪያው ንግግራቸው ይህ ነው። ጎሉ ጀርባ ስለነበርኩ ቃል በቃል ሰምቻለሁ።

«ማን ስጠኝ አለህ?»

ዘገዬ ጎንበስ ብሎ ኳሷን ከመረቡ አወጣ።

«ለብርሃኑ ነው? በዚች ነው የከፈልከኝ?»

«ሌላ የምሰጥህ የለኝም» አለው ዘገዬ።

«ካሳ አልፈልግም ብያለሁ! ዓመት ሙሉ ብያለሁ! የወንድሜን ደም በሪጎሬ?» የአምበልነት ጨርቁን ከክንዱ ቀድዶ ጣለ፤ ጨዋታው ስድስት ደቂቃ እየቀረው ሜዳውን አቋርጦ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

የቀሩት ጨርሰው ዋንጫውን ተቀበሉ። ጨፈሩ። እኔ መዘገብኩ፦ ስቶን ማውንቴን ሁለት፣ ዲኬተር አንድ። ነጥብ ዐሥራ ዘጠኝ። ዘጠኙ ዜሮ ይመስላል።

ረቡዕ፣ ሜይ 23

አቶ ገብረሕይወት ደወሉ። ተገኝ ትናንት መጥቶ «ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ። እሱ ባለበት ሜዳ፣ እሱ ባለበት ለቅሶ፣ እሱ ባለበት ቤተ ክርስቲያን አልገኝም» ብሏቸዋል። ልጆቹ ዋንጫውን ቤቱ ይዘውለት ቢሄዱ በሩን አልከፈተም። ዋንጫው አሁን ግሮሰሪው ውስጥ፣ ሂሳብ መቀበያው ላይ ተቀምጧል አሉኝ።

ዘገዬ ደግሞ ዳላስ እኅት አለችው፤ ሊሄድ ነው። «እኔ ካለሁ ሰውየው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆማል» አለ አሉ።

«አቶ ገብረሕይወት፣ እኔ...» አልኩ።

«ዘገዬ መኪና የለውም። እሑድ አውቶቡስ ጣቢያ አንተ አድርሰው» ብለው ዘጉት።

እሑድ፣ ሜይ 27

አደረስኩት።

ሌሊቱን የምለውን ስደረድር ነው ያደርኩት። አውቅ ነበር፣ ጥምቀት ላይ ሰምቻለሁ፣ አውቄ ነው ያደረግኩት፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ዲኬተር ቤቱ ስደርስ አንድ ሻንጣ ይዞ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዲኬተር ዳውንታውን አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ ሃያ ደቂቃ ነው። ዐሥራ አምስቱን የደረደርኩትን በልቤ እያመላለስኩ ነዳሁ። መሪውን ጨብጬ አንደኛውን ዓረፍተ ነገር ልጀምር ስል እሱ ቀደመኝ።

«ይገዙ፣ የነጥቡን ሕግ ያመጣኸው አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ» አልኩ።

«ያን ቀን ድምፅ አልሰጥም ያልኩህ ስላልገባኝ ነው። በኋላ ነው የገባኝ። በፊት እኮ እኩል ብንወጣም ተገኝ ዋንጫውን ይወስደዋል። ከእኔ የሚፈልገው ነገር አልነበረም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም። ሕጉ ሲቀየር ግን አንዲት ቀን እኔ እጅ ላይ ያለ ነገር አስፈለገው። አልተቀበለኝም፣ ልክ ነው፣ አይቀበለኝ። ግን ሰጠሁ። ሳልሰጠው ብሞት ኖሮስ?»

ቀይ መብራት ላይ ቆምን። አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክስ እስኪያደርግ አልነቃሁም።

ጣቢያው ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩ። ሻንጣውን አወረድኩለት። ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች አፌ ውስጥ ነበሩ። አሁን ብነግረው ያቺን የሰጣትን ነገር መልሼ ልወስድበት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወይም እንደ ልማዴ ለራሴ ምክንያት ሠራሁ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ዘገዬ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፣ ዝቅ ብሎም ትከሻዬን ሳመኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ይገዙ» አለኝ።

«አብሮ ይስጠን» አልኩት።